ቁጥር ለኑሮ፦ ከቦሌ እስከ ጓንጁ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ኪሎና ስለ ኩንታል ተነጋግረን ነበር። ሚዛን ላይ እንዳንታለል ቁጥር ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅመን አይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሩቅ መንገድና ስለ ሰዓት እንነጋገራለን።

«እኛ አራሾች ነን። የአውሮፕላን ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ታገሡን። ዛሬ ከብዙ ሰው ቤት አንድ ልጅ ወይም አንዲት እኅት ወደ ውጭ አገር ሄዳለች። ያልሄደችም ለመሄድ ታስባለች። ሄያጅ በእጁ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፏል። ያንን ቀንና ሰዓት አሳስቶ ያነበበ ቤተሰብ ገንዘቡንም ልፋቱንም ያጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በዓይናችን ስላየን ልንነግራችሁ ወደድን።

እኛ ሦስት መምህራን ለትምህርት ጣቢያችን ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ ለመግዛት ወደ መርካቶ ሄድን። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ኅዳር ነበር፤ ኅዳር 2 ቀን። ከእኛ ጋር አንድ አባት ተማሪያችን አብረውን መጡ። እኒህ አባት ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ፊደል የቆጠሩት አምና ነው። ዛሬ ቁጥርን እስከ ሺህ ድረስ ያነባሉ፤ ይደምራሉ፤ ይቀንሳሉ። ወደ አዲስ አበባ የመጡት ልጃቸውን ለመሸኘት ነው።

ልጃቸው መርካቶ ውስጥ በአንድ ጫማ ቤት 6 ዓመት ሠርታለች። ዕቁብ እየጣለች ገንዘብ አጠራቅማለች። አሁን በራሷ ልትነግድ ዕቃ ለማምጣት ቻይና አገር፣ ጓንጁ ወደምትባለው ከተማ ልትሄድ ነው። ከዚህ በፊት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። አንዲት ጎረቤቷ ቀድማ ሄዳ እዚያ ትጠብቃታለች።

ስለ መርካቶ ጥቂት እንበል። ድሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ከተማዋን በያዘች ጊዜ ለአገሬው ሰው ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረችው። «መርካቶ» የሚለው ስምም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጠላት ሄደ፤ ገበያውና ስሙ ቀረ። ዛሬ በመርካቶ ሁሉም ዕቃ የራሱ ተራ አለው። ሸማ ተራ አለ፤ ቆርቆሮ ተራ አለ፤ በርበሬ ተራ አለ። ምናለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሲሆን ማየት ይቻላል። ነጋዴው ወደ ዱባይ መመላለስ ሲያበዛ ደግሞ «ዱባይ ተራ» የሚባል ስም እስከ መውጣት ደርሷል። ከዚያም መንገዱ ረዝሞ ጓንጁ ደረሰ። ድሮ ሲራራ ነጋዴ በአጋሰስ ጨው ጭኖ ወር ሙሉ ይጓዝ ነበር። የዛሬው ነጋዴ በአንድ ሌሊት ሌላ ክፍለ ዓለም ያድራል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከልጅቱ ሱቅ ደረስን። ሻይ አስመጣችልን። አባትና ልጅ ከተሳሳሙ በኋላ፣ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን።

«ነገ ማታ ነው የምሄደው» አለች። «ትኬቱን የቆረጠልኝ ሰው ሐሙስ ነው፣ ሌሊት ነው ብሎኛል። ነገ ጠዋት ከዕቁብ ዳኛው ቀሪውን ገንዘብ እቀበላለሁ። ከዚያ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።»

አባቷ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ።

«12 ይላል። 12 ምን?»

«ኖቬምበር 12 ነው አባባ» አልናቸው። «የፈረንጆች ወር ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 3 ይሆናል። ነገ ሐሙስ ማለት ነው።»

«እሺ። ይኸኛውስ? ዜሮ ዜሮ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 30። ዜሮ ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?»

ሣቅን። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ጀምረን ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «1 ሰዓት» እንላለን። የአውሮፕላን ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን መቁጠር የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እኩለ ሌሊት 00፡00 ይባላል። ከዚያ እስከ 24 ይቆጠራል። ስለዚህ 00፡30 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው።

ይህን አስረዳናቸውና፣ «እንግዲህ ነገ ሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች» አልን። ልጅቱም «አዎ፣ የተነገረኝም እንዲሁ ነው» አለች።

አባት ግን ጣታቸውን ከወረቀቱ አላነሡም። ወደ ሁለተኛው መስመር ወረዱ።

«ይኸስ? 15፡30 ይላል።»

«እሱ ጓንጁ የምትደርስበት ሰዓት ነው። ከ15 ላይ 6 ሲቀነስ 9 ይቀራል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።»

«የየትኛው ቀን 9 ሰዓት ተኩል?»

አየነው። «12 ይላል። ያው ሐሙስ ነው።»

አባት ዝም አሉ። ወረቀቱን ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ እኔ ፊደል የጀመርኩት ትናንት ነው። እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ሐሙስ ሌሊት ተነሥታ ሐሙስ በቀን እንዴት ትደርሳለች? ሰው ሳይነሣ ይደርሳል እንዴ?»

ሁላችንም ደነገጥን። እርስ በርሳችን ተያየን። ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች ነን፤ ስሕተቱን ግን አላየነውም ነበር። ያዩት እኒህ አባት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ልማድ የረቡዕ ቀን መሽቶ፣ ሌሊቱም አልፎ እስኪነጋ «ረቡዕ ሌሊት» ይባላል። በወረቀቱ አቆጣጠር ግን ልክ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑ ይለወጣል። ሐሙስ 00፡30 ማለት ሐሙስ ከጀመረ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ስለዚህ እኛ ረቡዕ ሌሊት የምንለው ያ ሌሊት ነው። ቋንቋችንም ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» እንላለን። ትኬቱን የቆረጠው ሰው «ለሐሙስ አጥቢያ» ቢል ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። «ሐሙስ፣ ሌሊት» ስላለ ግን ልጅቱ አንድ ቀን ሙሉ ልትዘገይ ነበር።

ስለዚህ ልጅቱ የምትሄደው ነገ አይደለም። ዛሬ ማታ ነው!

ሰዓቱ 9 አልፏል። መንገደኛ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለበት። 6 ሰዓት ተኩል ሲቀነስ 3 ሰዓት፣ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቦሌ መድረስ አለባት። ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷታል።

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባዬ፣ ዕቁቡስ?» አለች። «ሩጪ!» አሏት። ወደ ዕቁብ ዳኛው ሮጠች። ጎረቤት ሱቅ ያሉ ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ሻንጣ አመጣች፤ አንዷ ቆሎና በሶ ቋጠረች። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይላል። ሁለቱ 46 ኪሎ ነው፤ ግማሽ ኩንታል አይሞላም። አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛኑን አዋሰን። ያለፈው ሳምንት ትምህርታችን ጠቀመን ማለት ነው።

ልጅቱ እስክትመለስ አባት እንደገና ወረቀቱን ያዙ። ሌላ ነገር ከንክኗቸዋል።

«ስትሄድ ከ00፡30 እስከ 15፡30 ነው። 15 ሰዓት ሆነ። ስትመለስ ግን 00፡30 ተነሥታ 06፡10 ትደርሳለች ይላል። 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ! መንገዱ አንድ ነው። እንዴት በሦስት እጥፍ ይለያያል?»

ይህንን ጥያቄ እናንተም አስቡበት። መልሱን ለማሳየት ከመንገድ ላይ አንድ ብርቱካን ገዛን። የስልክ ባትሪ አበራን። ብርቱካኑ ምድር ነው አልን። ባትሪው ፀሐይ ነው። በብርቱካኑ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ አደረግን፤ ይህ አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ የብርቱካኑን ዙሪያ አንድ አምስተኛ ያህል ርቀን ሌላ ነጥብ አደረግን፤ ይህ ጓንጁ ነው። ብርቱካኑን በቀስታ ወደ ምሥራቅ አዞርነው። ብርሃኑ አስቀድሞ የነካው የጓንጁን ነጥብ ነው። የአዲስ አበባ ነጥብ ገና በጨለማ ነው።

ምድር አንድ ጊዜ ዞራ የምትጨርሰው በ24 ሰዓት ነው። የ24 ሰዓት አንድ አምስተኛ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ጓንጁ በሰዓት ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ዘንድ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ እኩለ ቀን፣ በእኛ አነጋገር 6 ሰዓት ይሆናል። እኛ ቁርስ ስንበላ እነሱ ምሳ ይበላሉ።

የአውሮፕላን ወረቀት ደግሞ መነሻውን በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻውን በመድረሻው አገር ሰዓት ይጽፋል። ስለዚህ ስትሄድ ከሚታየው 15 ሰዓት ላይ 5 እንቀንሳለን፤ 10 ሰዓት ይቀራል። ስትመለስ በሚታየው 5 ሰዓት ከ40 ላይ 5 እንጨምራለን፤ 10 ሰዓት ከ40 ይሆናል። አያችሁ? ሁለቱ ተቀራረቡ።

አባት በጣታቸው ቆጠሩ። «40 ደቂቃዋ ግን ቀረች» አሉ።

እሷም ምክንያት አላት። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ወደ ቻይና ሲሄድ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል። ሲመለስ ከፊት ይገጥመዋል።

«ገባኝ» አሉ አባት። «ሲሄድ ቁልቁለት፣ ሲመለስ ዳገት ነው በሉኛ!»

ከዚህ የተሻለ አናስረዳም።

አሁን ስለ ርቀቱ እንነጋገር። ከአዲስ አበባ እስከ ጓንጁ በአየር 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 8,000 ስንል ለብዙዎቻችን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ በምናውቀው መንገድ እንለካው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 8,000 ለ400 ሲካፈል 20 ይሆናል። ደሴ 10 ጊዜ ደርሶ መልስ እንደ ማለት ነው። በእግር ቢሆንስ? ብርቱ መንገደኛ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 8,000 ለ30 ሲካፈል 267 ቀን ገደማ ይሆናል። 9 ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አንዲት እናት ፀንሳ እስክትወልድ ማለት ነው። ያውም በመካከል ያለውን ባሕር በእግር ማለፍ ቢቻል ነው!

የዛሬ ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። 8,000 ለ900 ሲካፈል 9 ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ለምን 10 ሰዓት ይፈጃል? አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ቀስ ይላል። መንገዱም እንደ ገመድ የተወጠረ ቀጥታ አይደለም። ከፍታው ግን ያስደንቃል። ወደ 11,000 ሜትር ይወጣል። ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሽን 4,500 ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ከእሱ ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ይበራል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያን ጊዜ የነበረው ዳግላስ ሲ-47 የተባለ አውሮፕላን ነው። በሰዓት የሚሄደው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማረፊያውም ቦሌ አልነበረም፤ ልደታ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄት የሚባለው ፈጣን አውሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃውም። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ። ወደ ቻይና መብረር የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ነው።

ስለ ሌሎች አገሮችም ለማወቅ የሚፈልግ ይኖራል። ጅዳ ከእኛ በስተሰሜን ነች። ርቀቷ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ፀሐይን አይቀድማትም፤ አይከተላትም። ስለዚህ የጅዳ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጉዞው 4 ሰዓት ያህል ነው። ጥቂት ወደ ምሥራቅ ስለሆነች በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። አሜሪካን አገር ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ምዕራብ ስለሆነ እነሱ ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት። እኛ ስንተኛ እነሱ ገና ምሳ ላይ ናቸው። አሜሪካ ያለ ልጃችሁ ሌሊት ቢደውልላችሁ አትቆጡት።

ስለ ዋሽንግተን በረራ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሲሄድ ግን ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ለምን? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረን ሁሉ፣ አውሮፕላኑም በስስ አየር ብዙ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ሙሉ ጭኖ አይነሣም።

እንግዲህ ወደ ልጅቱ እንመለስ። ከመሸ በኋላ እያለከለከች መጣች። ገንዘቡን ተቀብላለች። ሻንጣው ተመዘነ፤ ተቆለፈ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከመርካቶ ተነሣን። 3 ሰዓት ከሩብ ቦሌ ደረስን። እስከ በሩ ሸኘናት። አባቷ ግንባሯን ሳሟት። «ስትደርሺ ደውይልኝ። የእነሱን ሰዓት ንገሪኝ፤ የእኛን እኔ አሰላዋለሁ» አሏት።

ያን ሌሊት አባት ብዙም አልተኙም። 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን «ተነሣች» አሉ። ሊነጋ ሲል «ስንት ቀራት?» አሉን። ቆጠርን። 5 ሰዓት ተኩል ሄዳለች፤ 4 ሰዓት ተኩል ቀርቷታል። ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያዩ ነበር። ልክ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ራሳቸው፣ «አሁን አረፈች» አሉ። ከዚያ ነው ዓይናቸውን ጨፈን ያደረጉት።

6 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ ደርሻለሁ። እዚህ ሊመሽ ነው» አለች። «ስንት ሰዓት ይላል?» አሏት። «17፡00» አለች። አባት ጥቂት አሰቡና፣ «11 ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ገና እኩለ ቀን ነው፤ 5 ሰዓት ቀድማችሁናል» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት ዞር ብሎ አያቸው። «አባባ፣ የት ተማሩ?» አላቸው። «እዛፍ ሥር» አሉት።

እኛም በበኩላችን አንድ ነገር ተምረናል። ማንበብ ማለት ፊደሉን መጥራት ብቻ አይደለም። የተነበበው ነገር እርስ በርሱ ይስማማል ወይ ብሎ መጠየቅም ነው። እኛ ወረቀቱን አንብበን አለፍን። እሳቸው አንብበው ጠየቁ። እናንተም መምህር ሲናገር ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ያልመሰላችሁን ጠይቁ።

ልብ እንበል

1. የአውሮፕላን ወረቀት ላይ ያለው ቀንና ወር የፈረንጅ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡት።

2. ሰዓቱ ከ00፡00 እስከ 05፡59 ከሆነ 6 ጨምሩ። ሌሊት ነው። 00፡30 ከሌሊቱ 6፡30 ይሆናል። ቀኑም አጥቢያ ነው። ዓርብ ቢል «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ማለት ነው።

3. ሰዓቱ ከ06፡00 እስከ 18፡59 ከሆነ 6 ቀንሱ። 15፡30 ከቀኑ 9፡30 ይሆናል። ዜሮ ከቀረ 12 በሉት። 06፡10 ከጠዋቱ 12፡10 ነው።

4. ሰዓቱ 19፡00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ። 23፡30 ከሌሊቱ 5፡30 ይሆናል።

5. የመድረሻው ሰዓት የመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሰዓቱ ይቀድማል፤ ወደ ምዕራብ ስንሄድ ወደ ኋላ ይቀራል።

6. ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

አዲስ ቃላት

አጥቢያ – ሊነጋ ያለው ቀን ዋዜማ ሌሊት።
በረራ – የአውሮፕላን ጉዞ።
ከፍታ – ከባሕር ወለል ወደ ላይ ያለው ርቀት።
ሲራራ ነጋዴ – በአጋሰስ ጭኖ ከአገር አገር የሚነግድ።

መልመጃ

ሀ. ወረቀቱ 21፡00 ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

ለ. ወረቀቱ «ዓርብ 02፡15» ይላል። መንገደኛው የየትኛው ቀን ሌሊት ይሄዳል? በእኛስ ስንት ሰዓት ላይ?

ሐ. አንድ አውሮፕላን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ዱባይ ተነሣ። 4 ሰዓት በረረ። ሲያርፍ በዱባይ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል?

መልሱን ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ። በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣዋለን። ደግሞም የልጅቱ ዕቃ ከቻይና በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና እስከ መርካቶ እንዴት እንደሚመጣ እንነግራችኋለን። ሰው በአንድ ሌሊት የሄደበትን መንገድ ጫማ በሳምንታት ይመጣበታል። ለምን? እስከዚያው አስቡበት።

ደኅና ሰንብቱ።